የሰው ኃይል እጥረት፣ የራምፕ ሠራተኞች ጤናና የሐኪሙ ወረቀት

መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በምሠራበት የተመላላሽ ሕክምና ክፍል፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ የሚገኝ አንድ ታካሚ በወገብ ሕመም ምክንያት ለሦስተኛ ጊዜ ቀረበ። ቀደም ሲል በመጣባቸው ሁለት ጊዜያት የሕመም ማስታገሻ ታዝዞለትና የሦስት የሦስት ቀን ዕረፍት ተጽፎለት ተመልሷል። በካርዱ ላይ ስለ ሥራው የሰፈረው ቃል «ተቀጣሪ» የሚል ብቻ ነበር። በዚያን ዕለት ዕረፍቱን ልጽፍለት ስዘጋጅ «ዶክተር፣ ዕረፍቱ ይቅርብኝ፤ እኔ ስቀር የእኔን ሻንጣ ደርበው የሚያነሡት ጓደኞቼ ናቸው፤ በቁጥርም አንሰናል» አለኝ። ሥራው ምን እንደሆነ የጠየቅሁት ያን ጊዜ ነው። በአውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣና ጭነት የሚያወርድና የሚጭን ሠራተኛ ነበር።

ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ባሳተመው የሠራተኞች በሽታዎች መጽሐፍ፣ ሐኪም ታካሚውን ከሚጠይቃቸው የተለመዱ ጥያቄዎች ላይ «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለው እንዲጨመር መክሯል። ይህ ምክር ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ቢያስቆጥርም በሥራ ብዛት በተጨናነቁ የሕክምና ክፍሎቻችን ውስጥ ዛሬም በአግባቡ ሲፈጸም አይታይም። ሥራው ምን እንደሆነ ከታወቀ በኋላም የሚቀር ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ያንን ሥራ ስንት ሆናችሁ ትሠራላችሁ?» የሚለው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአውሮፕላን ማቆሚያ ሜዳ ላይ የሚሠሩ ሠራተኞች፣ በተለምዶ የራምፕ ሠራተኞች የሚባሉት፣ የሚያጋጥሟቸውን የጤና ችግሮች ማብራራት፣ የሠራተኛ ማኅበራት ስለ ሰው ኃይልና ስለ ደኅንነት ያነሧቸውን ጥያቄዎች በአሜሪካ ከደረሱ ክስተቶች አንጻር መመልከት፣ በመጨረሻም የጤና ባለሙያው በሚጽፈው የሕክምና ማስረጃ አማካይነት በዚህ ጉዳይ ውስጥ ያለውን ድርሻ ማሳየት ነው። ምሳሌዎቹ ከአሜሪካ የተወሰዱት ጉዳዩ በይፋ ሰነዶችና በማኅበራቱ መግለጫዎች በሰፊው የተመዘገበው በዚያ ስለሆነ ነው።

የራምፕ ሥራ ጠባይ

አንድ አውሮፕላን አርፎ እንደገና እስኪነሣ ባለው አጭር ጊዜ ውስጥ በዙሪያው በርካታ ተግባራት ይከናወናሉ። አውሮፕላኑን በምልክት እየመሩ ወደ ማቆሚያው የሚያስገቡ፣ በክንፎቹ ጫፍ አጠገብ እየሄዱ ከሌላ ነገር ጋር እንዳይጋጭ የሚጠብቁ፣ ጎማው ሥር ታኮ የሚያስገቡ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚያገናኙ፣ ሻንጣ የሚያወርዱና የሚጭኑ፣ ጎታች ተሽከርካሪ የሚነዱ ሠራተኞች በአንድነት ይሠራሉ። አንዱ ሥራውን ሲያከናውን ሌላው ዓይን ይሆንለታል። ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሠራተኞቹ የጆሮ መከላከያ ስለሚያደርጉ የማስጠንቀቂያ ጩኸት ላይሰሙ ይችላሉ፤ በዚህም የተነሣ ከአደጋ የሚጠብቃቸው በአብዛኛው የሥራ ባልደረባቸው ዓይንና የእጅ ምልክት ነው። እንግዲህ በራምፕ ሥራ የሰው ቁጥር የሥራ ፍጥነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ራሱ የደኅንነት መሣሪያ ነው ማለት ይቻላል።

ሥራው ሌሊትና ቀን በፈረቃ የሚካሄድ ነው፤ በፀሐይ፣ በዝናብና በውርጭም አይቋረጥም። በብዙ አገሮች ሠራተኞቹ በአየር መንገዱ በቀጥታ የተቀጠሩ ወይም በሥራ ተቋራጭ ድርጅት ሥር የሚሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ልዩነት ደመወዝን ብቻ ሳይሆን የልምድ ዘመንንና የሥልጠናን ጥራት ጭምር ይነካል።

ሥራው በአካል ላይ የሚያስከትላቸው ጉዳቶች

የጡንቻና የአጥንት ሕመም፦ የአሜሪካ ብሔራዊ የሙያ ደኅንነትና ጤና ተቋም ባወጣው ስሌት መሠረት፣ ሁኔታዎች ሁሉ እጅግ ምቹ በሆኑበት ጊዜ አንድ ሠራተኛ ሊያነሣው የሚመከረው ክብደት ከ23 ኪሎ ግራም አይበልጥም። ምቹ ማለት ዕቃው ለአካል የቀረበ፣ ወገብ ያልተጣመመ፣ ቁመቱም ተስማሚ ሲሆን ነው። ብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት ክብደት ይኸው 23 ኪሎ ግራም ሲሆን ተጨማሪ በማስከፈል እስከ 32 ኪሎ ግራም የሚቀበሉም አሉ። ሁኔታው ግን ምቹ አይደለም። እንደ ቦይንግ 737 ባሉ አውሮፕላኖች የዕቃ ክፍል ውስጥ ሰው ቀጥ ብሎ መቆም ስለማይችል፣ ሠራተኛው ተንበርክኮ ወይም ቁጢጥ ብሎ፣ ወገቡን እያዞረ ሻንጣውን በእጁ ይደረድራል። ለምሳሌ አንድ ሠራተኛ በፈረቃው እያንዳንዳቸው 20 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ 300 ሻንጣዎች ቢያነሣ በአንድ ቀን 6 ቶን አነሣ ማለት ነው። የሥራ ባልደረባው ቢቀርና የእርሱን ግማሽ ቢደርብ 9 ቶን ይሆናል። የታችኛው ወገብ፣ የትከሻና የጉልበት ሕመም በእነዚህ ሠራተኞች ዘንድ የሚጠበቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የመስማት ችግር፦ ይኸው ተቋም ለስምንት ሰዓት ሥራ የሚመክረው የድምፅ ወሰን 85 ዴሲቤል ሲሆን፣ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 88 ዴሲቤል ለአራት ሰዓት፣ 94 ዴሲቤል ለአንድ ሰዓት፣ 100 ዴሲቤል ደግሞ ለ15 ደቂቃ ብቻ ይፈቀዳል። በሥራ ላይ ያለ የጄት ሞተር አጠገብ የሚለካው ድምፅ ከዚህ ሁሉ እጅግ ይበልጣል። ጉዳቱ ቀስ በቀስ የሚመጣና የማይመለስ ነው። በመጀመሪያ በኦዲዮግራም ላይ በ4,000 ኸርዝ አካባቢ መጎድጎድ ይታያል፤ ታካሚው ግን በዚህ ደረጃ ላይ የሚያማርረው ጆሮው ስለመጮኹ፣ ወይም ሰው በተሰበሰበበት ንግግር መለየት ስላለመቻሉ ሊሆን ይችላል።

ሙቀትና ቅዝቃዜ፦ የማቆሚያው ሜዳ ወለል ኮንክሪት በመሆኑ ሙቀትን ይይዛል፤ የሞተሮቹ ትኩስ አየርም ይጨመርበታል። በቀዝቃዛ አገሮች ደግሞ ሜዳው ከነፋስ የሚያስጠልል ነገር የለውም። ነፋስ ሲጨመርበት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል በሚሰማበት ጊዜ የተጋለጠ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ በውርጭ ሊጎዳ ይችላል። በውርጭ የተጎዳ አካል መታሸት የለበትም፤ እንደገና የመቀዝቀዝ አደጋ ከሌለ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሆነ ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ተነክሮ እንዲሞቅ ይደረጋል። በሁለቱም ሁኔታዎች ዋናው መከላከያ ሠራተኞች እየተፈራረቁ ወደ ጥላ ወይም ወደ ሙቅ ክፍል እንዲገቡ ማድረግ ነው። መፈራረቅ የሚቻለው ግን ተፈራራቂ ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

ድካም፦ እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተሰኘው መጽሔት የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት፣ ለ17 ሰዓታት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የእጅና የዓይን ቅንጅት ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚመሳሰል አሳይቷል። ጠጥቶ ጎታች ተሽከርካሪ የሚነዳ ሠራተኛ ወዲያውኑ ከሥራ ይታገዳል፤ ሁለት ፈረቃ ደርቦ የሚነዳው ግን አንዳንድ ጊዜ ይመሰገናል።

ዴንቨር፣ ዲሴምበር 2022

ከዚህ በላይ የተዘረዘሩት ጉዳቶች የሰው ኃይል እጥረት ሲታከልባቸው እንዴት እንደሚባባሱ በግልጽ ያሳየው ክስተት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት በዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ የታየው ነው። በዚያ የሳውዝዌስት አየር መንገድ የራምፕ ሠራተኞች በአሜሪካ የትራንስፖርት ሠራተኞች ማኅበር 555ኛ ቅርንጫፍ የታቀፉ ናቸው። አየር መንገዱ የሚጠቀመው ቦይንግ 737 አውሮፕላኖችን ብቻ በመሆኑ ሻንጣዎቹ በኮንቴይነር ሳይሆን አንድ በአንድ በእጅ ይጫናሉ።

ዲሴምበር 21 ቀን በዴንቨር የሙቀቱ መጠን በአንድ ሰዓት ውስጥ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል አሽቆለቆለ፤ በማግስቱ ጠዋትም ከዜሮ በታች 31 ዲግሪ ደረሰ። ወቅቱ የገና በዓል ጉዞ የበዛበት፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ኮቪድና የሕፃናት የመተንፈሻ አካል ቫይረስ በአንድነት በአገሪቱ የተሠራጩበት ጊዜም ነበር። ከሥራ የቀሩ የራምፕ ሠራተኞች ቁጥር ከተለመደው በላይ መሆኑን የገለጸው የአየር መንገዱ አመራር፣ በጣቢያው የሥራ አስቸኳይ ሁኔታ ማወጁን በማስታወሻ አሳወቀ። በማስታወሻው መሠረት የትርፍ ሰዓት ሥራ ግዴታ ሆነ፤ እምቢ የሚል ከሥራ እንደሚሰናበት ተገለጸ። ታምሜአለሁ የሚል ሠራተኛም ሐኪም ዘንድ በአካል ቀርቦ የታየበትን ማስረጃ፣ ወደ ሥራ በሚመለስበት ቀን እንዲያቀርብ ታዘዘ። በስልክ ወይም በኢንተርኔት በሚሰጥ ሕክምና የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደማይኖረው ተነገረ።

የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ራንዲ ባርንስ በዚያው ሰሞን ባወጡት መግለጫ፣ ብዙ አባላት በበዓሉ ወቅት 16 እና 18 ሰዓት እንዲሠሩ መገደዳቸውን፣ የታመሙና በውርጭ የተጎዱ መኖራቸውን፣ በከባድ ቅዝቃዜ ሠራተኞች እየተፈራረቁ መሞቅ እንዳለባቸው አመልክተዋል። ጥያቄው ስለ ደመወዝ አልነበረም፤ ጤናን የሚመለከት ነበር።

በቀጣዮቹ ቀናት አየር መንገዱ በመላ አገሪቱ 16,900 ያህል በረራዎችን ሰርዞ ከሁለት ሚሊዮን በላይ መንገደኞች ተጉላልተዋል። የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 የ140 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጥሏል። ለዚህ ቀውስ ዋነኛ ምክንያት ተደርጎ በሰፊው የተጠቀሰው የበረራ ሠራተኞችን ምደባ የሚመራው ሥርዓት ከአቅም በላይ መጨናነቁ በመሆኑ፣ ችግሩን ሁሉ ከራምፕ ሠራተኞች ቁጥር ጋር ማያያዝ ተገቢ አይሆንም። ለጤና ባለሙያ ግን የዴንቨሩ ማስታወሻ በራሱ ትልቅ ትምህርት አለው።

ትምህርቱን ለመረዳት ማስታወሻውን ከታማሚው አንጻር ማየት ያስፈልጋል። ትኩሳት ያለበት ሠራተኛ ቤቱ ተኝቶ ቢያገግምና በስልክ ቢመከር ለራሱም ለሌላውም የተሻለ ነበር። ማስረጃ ለማግኘት ሲል ግን ከዜሮ በታች 31 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ከቤቱ ወጥቶ፣ በታማሚ በተጨናነቀ ክሊኒክ መሰለፍ ይጠበቅበታል። ይህን ማድረግ የማይችለው ከሕመሙ ጋር ወደ ሥራው ይሄዳል። በዚህ ሁኔታ የሐኪሙ ወረቀት የሕክምና ሰነድ መሆኑ ቀርቶ የሥራ ተቆጣጣሪ ሆኖ ያገለግላል። በሌላ በኩል የአመራሩም ሥጋት መነሻ የለውም ማለት አይቻልም። በአሜሪካ የአየር መንገድ ሠራተኞች የሚተዳደሩበት የባቡር መንገድ ሥራ ሕግ አድማን በረጅም የሽምግልና ሂደት የሚገድብ በመሆኑ፣ በርካታ ሠራተኞች በአንድ ቀን ታመምን ሲሉ አሠሪዎች ነገሩን የተደበቀ አድማ አድርገው ይጠረጥራሉ። እውነተኛ ሕመምና ጥርጣሬ በሚገናኙበት በዚህ ቦታ ላይ ነው ሐኪሙ ብዕሩን ይዞ የሚቀመጠው።

ሞንትጎመሪና ሲያትል፦ ከአደጋ የሚገኝ ትምህርት

ከዴንቨሩ ማስታወሻ አሥር ቀናት በኋላ፣ ዲሴምበር 31 ቀን 2022፣ በአላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የፒድሞንት አየር መንገድ ባልደረባ የሆነች አንዲት የራምፕ ሠራተኛ በሥራ ላይ በነበረ የአውሮፕላን ሞተር ተስባ ሕይወቷ አለፈ። የብሔራዊ ትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የመጀመሪያ ሪፖርት እንደሚያስረዳው፣ የአውሮፕላኑ ረዳት የኃይል ማመንጫ ስለማይሠራ ከምድር ኤሌክትሪክ እስኪገናኝ ድረስ ሞተሮቹ እንደማይጠፉ ለሠራተኞቹ አስቀድሞ በተደረገ አጭር ውይይት ተነግሯቸው ነበር። ይሁን እንጂ መነገሩ ብቻ አደጋውን አላስቀረውም። የአሜሪካ የሙያ ደኅንነትና ጤና አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 በአሠሪው ላይ የ15,625 ዶላር ቅጣት ጠይቋል። ይህም በጊዜው ለአንድ ከባድ ጥሰት የሚፈቀደው ከፍተኛው መጠን ነው። የፒድሞንት የምድር ሠራተኞችን የሚወክለው የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ሠራተኞች ማኅበርም የሥልጠናና የአሠራር ለውጥ እንዲደረግ ጠይቋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ቀደም ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2005 አላስካ አየር መንገድ በሲያትል የነበሩትን ወደ 500 የሚጠጉ፣ በማኅበር የተደራጁ የራምፕ ሠራተኞቹን አሰናብቶ ሥራውን ለተቋራጭ ሰጠ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 26 ቀን፣ ከሲያትል የተነሣ የአየር መንገዱ አውሮፕላን 26,000 ጫማ ያህል ከፍታ ላይ ሳለ በጎኑ ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ የውስጥ አየር ግፊቱን አጣ። አብራሪዎቹ በሰላም ተመልሰው አሳረፉት። በምርመራው እንደታወቀው አንድ የተቋራጩ ሠራተኛ ከመነሣቱ በፊት አውሮፕላኑን በምድር ተሽከርካሪ ነክቶት ሳይናገር ቀርቶ ነበር። የአሠሪው መለወጥ በቀጥታ ለአደጋው ምክንያት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ሆኖም ስሕተቱን የሚናገር ሠራተኛ በሥራው ዋስትና ላይ እምነት ሊኖረው እንደሚገባ ይህ አጋጣሚ ያስረዳል። የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተትን በመደበቅና በመግለጽ መካከል ያለውን ልዩነት የምናውቅ የጤና ባለሙያዎች ይህን ለመረዳት አንቸገርም።

ማኅበራቱ ያስገኟቸው ውጤቶች

የሠራተኛ ማኅበራት በዚህ ዘርፍ የተጠቀሙባቸው መንገዶች ከአንድ በላይ ናቸው። የመጀመሪያው የኅብረት ስምምነት ነው። ከ17,000 በላይ ሠራተኞችን የሚወክለው 555ኛ ቅርንጫፍ ከዓመታት ድርድር በኋላ እ.ኤ.አ. በማርች 2024 አዲስ ስምምነት አጽድቋል።

ሁለተኛው በሕዝብ ድምፅና በአካባቢ ሕግ አማካይነት የሚገኘው ለውጥ ነው። የሲያትል አውሮፕላን ማረፊያ በሚገኝበት በሲታክ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ በ77 ድምፅ ብልጫ ብቻ አንድ ሕግ ጸደቀ። በማኅበራት የተደገፈው የዚህ ሕግ ቅስቀሳ ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎችን ጨምሮ ከምሥራቅ አፍሪካ የሄዱ በርካታ የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኞችን የሚመለከት ነበር። ሕጉ በስፋት የታወቀው በሰዓት 15 ዶላር ዝቅተኛ ደመወዝ በመወሰኑ ቢሆንም፣ ለጤና ባለሙያ ይበልጥ ትኩረት የሚስበው ክፍያ ያለው የሕመም ፈቃድ ማካተቱ ነው። በአውሮፕላን ማረፊያው ክልል ውስጥ ለሚሠሩት ተፈጻሚ መሆኑ ግን እስከ እ.ኤ.አ. 2015 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ድረስ ዘግይቷል።

ሦስተኛው ምሳሌ ሙቀትን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሪዞና ግዛት በፊኒክስ ከተማ ለ31 ተከታታይ ቀናት ሙቀቱ በየዕለቱ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በላይ ደርሷል። የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ባወጣው ደንብ፣ አውሮፕላን ማረፊያውን ጨምሮ ከከተማው ጋር ውል ያላቸው ተቋራጮች ለሠራተኞቻቸው ዕረፍት፣ ውኃና ጥላ የሚያስገኝ የሙቀት መከላከያ ዕቅድ እንዲኖራቸው ግዴታ ጥሏል። ከደንቡ መውጣት በፊት የአውሮፕላን ማረፊያው ሠራተኞች በማኅበሮቻቸው አማካይነት ምስክርነታቸውን አሰምተዋል።

በእነዚህ ሁሉ ጉዳዮች ውስጥ የጋራ የሆነ አንድ ነገር ይታያል። እያንዳንዱ ሠራተኛ ለብቻው ሲናገር አቤቱታ የሚመስለው ነገር፣ የብዙዎቹ ተሰብስቦ ሲቀርብ የጤና መረጃ ይሆናል። አንድ ወገቡን የታመመ ሰው አንድ ታካሚ ነው፤ ከአንድ የሥራ ቦታ የመጡ አሥር ወገባቸውን የታመሙ ሰዎች ግን ምንጩ ሊፈለግ የሚገባው ክስተት ናቸው። ይህንን አሥሩን ሰው ማኅበሩ ከሐኪሙ ቀድሞ ሊያውቃቸው ይችላል።

የሕመም ፈቃድ በአገራችን ሕግ

በኢትዮጵያ የሠራተኞች በማኅበር የመደራጀት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የተረጋገጠ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት መብለጥ የለበትም። የትርፍ ሰዓት ሥራ ደግሞ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሊበልጥ አይችልም። አሠሪው ሠራተኞች ስለሚሠሩት ሥራ አደገኛነት እንዲያውቁ የማድረግና የመከላከያ እርምጃ የመውሰድ ግዴታ አለበት።

ሐኪሙን በቅርብ የሚመለከተው በሕመም ፈቃድና በሥራ ላይ ጉዳት መካከል ያለው ልዩነት ነው። በሥራ ምክንያት ባልመጣ ሕመም ሥራውን መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ፣ ከታወቀ የሕክምና ተቋም ማስረጃ ሲያቀርብ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ ፈቃድ ያገኛል። ክፍያው በመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ በቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ሲሆን፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ክፍያ የለም። ጉዳቱ በሥራ ምክንያት የደረሰ ሲሆን ግን ክፍያው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ በቀሪዎቹ ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ይሆናል፤ የሕክምና ወጪውንም አሠሪው ይሸፍናል።

በሌላ አነጋገር፣ «የወገብ ሕመም፤ የሦስት ቀን ዕረፍት» የሚል አንድ መስመርና «በአውሮፕላን የዕቃ ክፍል ውስጥ ተንበርክኮ ሻንጣ ሲያነሣ በድንገት የጀመረ የወገብ ሕመም» የሚል ሌላ መስመር በአንድ ቤተሰብ ኑሮ ላይ የተለያየ ውጤት አላቸው። ሐኪሙ ጉዳቱ በሕግ ፊት ምን እንደሚባል አይወስንም። ታካሚው የተናገረውን የሥራ ሁኔታ ካልመዘገበ ግን ኋላ ላይ የሚወስነው አካል የሚመለከተው ነገር አያገኝም። በመግቢያው ላይ የጠቀስኩትን ታካሚ ሁለት ጊዜ ስናየው ይህንን አላደረግንለትም ነበር።

የጤና ባለሙያው ምን ሊያደርግ ይችላል?

ከላይ ከተገለጸው በመነሣት የሚከተሉት ተግባራት ያለ ተጨማሪ መሣሪያና ወጪ በማንኛውም የጤና ተቋም ሊፈጸሙ ይችላሉ።

1. ሥራውን በዝርዝር መጠየቅና መመዝገብ። «ተቀጣሪ» ወይም «የቀን ሠራተኛ» የሚል ቃል በቂ አይደለም። ምን እንደሚያነሣ፣ በምን አቋም፣ ለስንት ሰዓት፣ በየትኛው ፈረቃና ከስንት ሰው ጋር እንደሚሠራ መጠየቅ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይወስድም። ጆሮው የሚጮህ ወይም ንግግር ለመስማት የሚቸገር ወጣት ሠራተኛ ሲመጣ ስለ ድምፅ መጠየቅና የመስማት ምርመራ ማዘዝ ይገባል።

2. ከዕረፍት ቀን ብዛት ይልቅ የአቅም ገደብን መግለጽ። ብዙ ጊዜ የወገብ ሕመም ያለበት ሰው ሙሉ በሙሉ ከመተኛት ይልቅ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ይጠቅመዋል። ስለዚህ «ለሁለት ሳምንት ከ10 ኪሎ ግራም በላይ እንዳያነሣ፣ ተንበርክኮ እንዳይሠራ» የሚል ማስረጃ፣ ለሠራተኛውም ለአሠሪውም ከባዶ የሦስት ቀን ዕረፍት የተሻለ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ማስረጃ የሚሠራው ግን ቀላል ሥራ የሚመደብበት ቦታ ካለ ነው፤ ይህንንም ታካሚውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

3. ማስረጃን በእውነት ላይ ብቻ መመሥረት። ሐኪሙ የአሠሪውም የማኅበሩም ወኪል አይደለም። ያልታመመን ታሟል ብሎ መጻፍ፣ የታመመንም በአሠሪ ጫና ጤነኛ ነው ማለት የሙያውን ሥነ ምግባር እኩል ይጥሳሉ። የሐኪም ወረቀት ክብደት ያለው ሁለቱም ወገኖች ሲያምኑት ነው።

4. ምሥጢር መጠበቅ። አሠሪው ማወቅ የሚገባው ሠራተኛው ምን መሥራት እንደሚችልና እንደማይችል እንጂ የምርመራውን ዝርዝር ውጤት አይደለም።

5. ተደጋጋሚነትን ማስተዋል። ከአንድ የሥራ ቦታ ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ሰዎች ሲበዙ፣ የታካሚዎቹን ማንነት ሳይገልጹ በጤና ተቋሙ ኃላፊ በኩል ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ይቻላል። ታካሚዎቹም በሥራ ቦታቸው የደኅንነት ኮሚቴ ወይም የሠራተኛ ማኅበር ካለ ጉዳዩን በዚያ እንዲያቀርቡ መምከር የሕክምናው አካል ነው።

ማጠቃለያ

የራምፕ ሠራተኞች ጤና በሚያነሡት ክብደት፣ በሚሰሙት ድምፅና በሚሠሩበት የአየር ጠባይ ይወሰናል። እነዚህን ሁሉ የሚያከብዳቸው ወይም የሚያቀልላቸው ግን አብሮ የሚሠራው ሰው ቁጥር ነው። በዴንቨር እንደታየው፣ ሰው ሲያንስ የቀሩት ይደክማሉ፤ የደከሙት ይታመማሉ፤ የታመሙት ሲቀሩ ሰው ይበልጥ ያንሳል። አሠሪው በዚህ አዙሪት መካከል ሐኪሙን ማስረጃ ሲጠይቅ፣ ሐኪሙ የሚያየው በአብዛኛው የአዙሪቱን አንድ ጫፍ ብቻ ነው።

ያ ታካሚ በሦስተኛው ጊዜ የሄደው የሚያነሣውን ክብደት፣ የሚሠራበትን አቋምና ለአንድ ወር ሊርቃቸው የሚገባውን ተግባራት በሚዘረዝር ወረቀት ነበር። ከአምስት ሳምንት በኋላ ለክትትል ሲመለስ ሕመሙ ቀንሶለት ነበር፤ ለጊዜውም ተሽከርካሪ እንዲነዳ ተመድቧል። ከእርሱ ጋር ሌላ የሥራ ባልደረባውን ይዞ መጣ፤ እርሱንም ያመመው ወገቡን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራውን ስጠይቅ ስንት ሆነው እንደሚሠሩም እጠይቃለሁ።